ማን ተረፈ? ለምን? ባሕር ላይ የወደቁ ሁለት የአካባቢያችን አውሮፕላኖች

ዛሬ የምጽፈው ስለ ምንዛሬም ስለ ጉምሩክም አይደለም። ሁላችንም የምንሳፈርበትን፣ ግን ልናወራው የማንወደውን ነገር ነው የማነሣው፤ አውሮፕላን ሲወድቅ ማን እንደሚተርፍና ለምን እንደሚተርፍ።

እኛ ድንበር እየተሻገርን የምንነግድ ሰዎች አውሮፕላንን እንደ ሚኒባስ ለምደነዋል። ዱባይ፣ ናይሮቢ፣ ጁባ፣ ጓንጁ እያለ በወር ሁለቴ የሚመላለስ አለ። አደጋ ሲነሣ ግን ወሬው ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይዘጋል፦ «ከወደቀ ወደቀ ነው፤ ማን ይተርፋል ብለሽ ነው?» ይህ አባባል ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ እውነት አይደለም። ሁለተኛ፣ ምንም ባደርግ አልተርፍም ብሎ ያመነ ሰው አስተናጋጇ ስትናገር ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ነጋዴ ነንና በቁጥር እንጀምር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2000 በአገሩ አየር መንገዶች ላይ የደረሱትን አደጋዎች ደምሮ ሲያይ፣ በአደጋዎቹ ውስጥ ከነበሩት 53,487 ሰዎች 51,207ቱ በሕይወት ተርፈዋል። ከመቶ 95 በላይ ማለት ነው። እርግጥ በዚህ ውስጥ ቀላል አደጋም ተቆጥሯል። ነገር ግን ቦርዱ እሳት የተነሣባቸውንና ከባድ የሆኑትን ለብቻ ለይቶ ሲያይም ከግማሽ የሚበልጡት ሰዎች ተርፈው ነው ያገኛቸው።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ይተረፋል ወይ?» ሳይሆን «የተረፈው ለምን ተረፈ፣ የሞተውስ ለምን ሞተ?» የሚለው ነው። ይህን ለማየት ከራሳችን አካባቢ ሁለት አደጋዎችን መርጫለሁ። አንዱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ሌላው የኬንያ አየር መንገድ ነው። ሁለቱም የወደቁት ባሕር ላይ ነው። ሁለቱም ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚሄደውን ያንን ረጅም መስመር የያዙ ነበሩ። ከአንዱ ከ175 ሰው 50 ተረፈ፤ ከሌላው ከ179 ሰው 10 ብቻ። ልዩነቱ ከየት መጣ?

የኅዳር 14 በረራ

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1996) ቅዳሜ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ከቦሌ ተነሣ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 767 ሲሆን መስመሩ ናይሮቢ፣ ብራዛቪል፣ ሌጎስ፣ ከዚያ አቢጃን ነበር። ዋና አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ፣ ረዳቱ ዮናስ መኩሪያ ነበሩ። ካፒቴን ልዑል ከዚያ ቀደም ሁለት ጊዜ የተጠለፈ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩና ሁለቱንም ጊዜ በሰላም ያሳረፉ ሰው ናቸው።

ከተነሡ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሆነ ሦስት ወጣቶች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገቡ። አሥራ አንድ ነን፣ ቦምብም አለን አሉ። የያዙት ግን ከራሱ ከአውሮፕላኑ ያነሡትን መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ነበር፤ ቦምብ ያሉትም የመጠጥ ጠርሙስ እንደነበረ በኋላ ታውቋል። ረዳት አብራሪውን ደብድበው አስወጡትና ካፒቴኑን «ወደ አውስትራሊያ ውሰደን» አሉ።

ካፒቴኑ የነገሯቸው ቀላል ሂሳብ ነው። አውሮፕላኑ የተሞላው ለናይሮቢ መንገድና ለመጠባበቂያ የሚበቃ ነዳጅ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። ሞምባሳ አርፈን እንሙላ ብለው ለመኗቸው። ወጣቶቹ ግን አውሮፕላኑ ውስጥ በሚገኘው መጽሔት ላይ ይህ ዓይነት አውሮፕላን አሥራ አንድ ሰዓት መብረር ይችላል የሚል አንብበው ነበርና አላመኑም። ልብ በሉ፤ መጽሔቱ አልዋሸም። አሥራ አንድ ሰዓት የሚበረው ጋኑ ሞልቶ ሲነሣ ነው። ሁለት መቶ ኩንታል መጫን የሚችል መኪና ሁልጊዜ ሁለት መቶ ኩንታል ጭኖ ይሄዳል እንደማለት ነው። የአንድን ነገር አቅምና ዛሬ በእጁ ያለውን መለየት ያልቻለ ሰው ብዙ ሕይወት ይዞ ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ካፒቴን ልዑል ወደ አውስትራሊያ የሚሄዱ መስለው የአፍሪካን ዳርቻ ተከትለው ወደ ደቡብ በረሩ። መሬት ከዓይናቸው እንዳይጠፋ ነው። ጠላፊዎቹ መሬት ማየታቸውን ሲቀጥሉ ነቁና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ውቅያኖሱ እንዲዞሩ አስገደዷቸው። ያኔ ካፒቴኑ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል ወዳሉት ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አቀኑ። እዚያ ማረፊያ ሜዳ እንዳለ ያውቃሉ። ነዳጁ እያለቀ ነበር፤ ከጠላፊዎቹ አንዱ ረዳት አብራሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠጥ እየጠጣ መሪውን ይነካካል።

ከዚያ አንደኛው ሞተር ጠፋ። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው ነዳጅ እንዳለቀና አደጋ የሚጠበቅ መሆኑን ለመንገደኞቹ ተናገሩ። ቀጥሎ ሁለተኛው ሞተር ጠፋ። ያን የሚያህል አውሮፕላን ሁለት ሞተሩ ጠፍቶ በነፋስ ላይ ተንሳፎ ይወርድ ጀመር። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ግብግብ ተነሥቶ ስለነበር ካፒቴኑ ሊያርፉበት ያሰቡት ሜዳ ከዓይናቸው ጠፋ። ስለዚህ ዳር አካባቢ ውኃው ላይ ለማረፍ ወሰኑ።

ውኃው ላይ

ከቀኑ 9 ሰዓት አለፍ ብሎ ነበር። ቦታው የግራንድ ኮሞር ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ሲሆን፣ ጋላዋ ከሚባለው የባሕር ዳር ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከዳርቻው አምስት መቶ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ሞተር በመጥፋቱ በክንፉ ኋላ የሚዘረጉትና ለማረፊያ ፍጥነት የሚቀንሱት ክፍሎች አልሠሩም። ስለዚህ ውኃውን የነካው በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደ ነው። ግራ ክንፉና የግራ ሞተሩ ቀድመው ውኃው ውስጥ ገቡ፤ አውሮፕላኑ ወደዚያው ተጎትቶ ዞረና ተሰባበረ። አንድ ቱሪስት ከባሕሩ ዳር የቀረጸው ፊልም እስከ ዛሬ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ያያችሁት ይመስለኛል።

የሆቴሉ እንግዶችና የአካባቢው ሰዎች በጀልባ ደረሱ። እዚያ በእረፍት ላይ የነበሩ ሐኪሞች ነበሩ። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ ጠላፊዎች ናቸው። 50 ሰው ተረፈ፤ ካፒቴን ልዑልና ረዳታቸው ዮናስም ከተረፉት ውስጥ ናቸው። ከሞቱት መካከል በ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ረሃብ በካሜራው ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋር ሲከራከር እንደነበር ተነግሯል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ትምህርት ያለው። ከሞቱት ውስጥ የአውሮፕላኑ መሰበር ያልገደላቸው ነበሩ። ውኃውን ሲነካ በሕይወት ነበሩ፤ የገደላቸው ጃኬቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፒቴኑ ከተናገሩ በኋላ ሰዉ ከወንበሩ ሥር የመንሳፈፊያ ጃኬቱን አወጣ። ብዙዎቹ ግን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳሉ ገመዱን ስበው ነፉት። ሰው ሲፈራ እጁ ወደሚያድነው ነገር ይሮጣል፤ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የተነፋ ጃኬት የለበሰ ሰው መጥለቅ አይችልም። የተሰበረው አውሮፕላን ውስጥ ውኃ ሲገባ ወደ ጣሪያው ይንሳፈፋል፤ በሩ ደግሞ ከታች፣ ውኃው ውስጥ ነው። ዝቅ ብሎ በበሩ ለመውጣት ቢፈልግ ጃኬቱ ወደ ላይ መልሶ ይገፋዋል። እዚያው ጣሪያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ያድናል ተብሎ የተሠራው ዕቃ ያለ ጊዜው ሲከፈት ወጥመድ ሆነ።

«ከበሩ ሳይወጡ አይንፉ» የምትለዋ የአስተናጋጆች ቃል እኛ በየበረራው ስልካችንን እየነካካን የምናልፋት ናት። ኮሞሮስ ላይ የዚያች ቃል ዋጋ በሰው ሕይወት ተከፍሏል።

አቢጃን፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ

ሁለተኛው አደጋ የደረሰው ጥር 21 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2000) ነው። የኬንያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 431፣ ኤርባስ 310 አውሮፕላን፣ ከናይሮቢ ተነሥቶ ሌጎስ ሊያርፍ ነበር። በዚያ ወራት ከሰሐራ የሚነሣው የሐርማታን አቧራ ሌጎስ ላይ ስለበዛ በቀጥታ አቢጃን ሄደ። ማታ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ፣ በአገሩ ሰዓት ማለት ነው፣ ከአቢጃን ወደ ሌጎስ ሊመለስ ተነሣ። 179 ሰው ነበረበት፤ ብዙዎቹ ናይጄሪያውያን ናቸው። ወደ ሌጎስ የሚሄድ አውሮፕላን ነጋዴ የሌለበት እንደማይሆን እኛ እናውቃለን።

ከተነሣ ግማሽ ደቂቃ አልፎ ጥቂት ሴኮንድ ሲሆን ባሕሩ ውስጥ ገባ። በቃ። የኮሞሮሱ አራት ሰዓት ያህል ፈጅቶ ነበር፤ የአቢጃኑ ግን «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ጎረቤትን ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አልሰጠም። ጃኬት ያወጣ የለም፣ ጎንበስ ብሎ ራሱን የያዘ የለም፣ የበሩን ቦታ ያሰበ የለም። ጨለማ ነው። በባሕሩ ዳር ቀን በቀን የሚዝናና ቱሪስት፣ ዓይኑ እያየ በጀልባ የሚደርስ ሰው አልነበረም። 169 ሰው ሞተ፤ 10 ሰው ተረፈ። ለኬንያ አየር መንገድ የሰው ሕይወት ያጠፋ የመጀመሪያው የመንገደኛ አውሮፕላን አደጋ ይህ ነበር።

ሁለቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንዱ ቀን፣ አንዱ ሌሊት። አንዱ አስቀድሞ የታወቀ፣ አንዱ ድንገተኛ። አንዱ ሰው ካለበት ዳርቻ ፊት ለፊት፣ አንዱ ጨለማ ውቅያኖስ ላይ። አንዱ አብራሪ ቦታ መርጦ ለማረፍ የሞከረበት፣ አንዱ ማንም ሳያውቅ ውኃው ጋር የተጋጨበት። «ዕድላቸው ነው» የምንለው ነገር ተበትኖ ሲታይ ጊዜ፣ ብርሃን፣ ርቀትና ዝግጅት ነው።

ምክንያቱ ምን ነበር?

የኮሞሮሱ ምክንያት አያከራክርም፤ ጠለፋው ነዳጁን አስጨረሰ፣ ነዳጅ ሲያልቅ ሞተር ጠፋ። የአቢጃኑ ግን ማሰብ ይጠይቃል።

አውሮፕላን በአየር ላይ የሚቆየው ክንፉ አየሩን በተገቢው ፍጥነትና አቅጣጫ ሲቀዝፍ ነው። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ካለ ወይም ፍጥነቱ ካነሰ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። ይህ ሊደርስ ሲል የአብራሪው መሪ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅም ያሰማል። አብራሪ ይህን ሲሰማ አፍንጫውን ዝቅ እንዲያደርግ ተምሯል። ከፍታ ላይ ሲሆን ትክክለኛው መድኃኒት ይኸው ነው።

አቢጃን ላይ ጎማው መሬት ከመልቀቁ ያ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ማስጠንቀቂያው ግን የውሸት ነበር፤ አውሮፕላኑ ምንም አልሆነም፣ በደህና እየወጣ ነበር። መሪውን የያዘው ረዳት አብራሪ እንደተማረው አፍንጫውን ዝቅ አደረገ። ከታች ደግሞ መሬት ቅርብ ነው። ፊት ለፊት ያለው ጥቁር ባሕር ነው፤ እየወረዱ መሆናቸውን በዓይን የሚያሳይ አንድ መብራት የለም። መሬት መቅረቡን የሚናገረው ሌላው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በሌሎቹ ጩኸቶች ተውጦ ነበር። ዋና አብራሪው «ወደ ላይ» ብለው ሲያዙ ዘግይቷል።

ይህን የመረመረው የኮትዲቯር ኮሚሽን የጻፈውን ሳስበው አንድ ነገር ይገባኛል። የአደጋ ምርመራ «ማን አጠፋ?» የሚል የቀበሌ ሽምግልና አይደለም። ያ ረዳት አብራሪ የተማረውን ነው ያደረገው። ስህተቱ ትምህርቱ ከፍታ ላይ ስላለ አውሮፕላን ሲናገር፣ እሱ ግን መሬት አጠገብ መሆኑ ነው። አንድ አደጋ ሁልጊዜ አንድ ምክንያት የለውም፤ የውሸት ማስጠንቀቂያው፣ ሌሊቱ፣ ባሕሩ፣ የድምፆቹ መደራረብ፣ የዘገየው ትእዛዝ አንድ ላይ ተሰልፈው ነው። ከነዚህ አንዱ ባይኖር ምናልባት 179ኙም ሌጎስ ይገቡ ነበር።

የውሸት መረጃ አውሮፕላን ሊጥል እንደሚችል ደግሞ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በራሳችን ላይ አየነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302፣ ልክ እንደ 961 ያንኑ የአዲስ አበባ–ናይሮቢ መንገድ ይዞ ነበር። በአፍንጫው ጎን ያለ አንድ መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ ቦይንግ 737 ማክስ ላይ የተገጠመው ሥርዓት ያንን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። 157 ሰው አለቀ። ማንም አልተረፈም። ከዚያ አምስት ወር ቀድሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን፣ በዚያው ሥርዓት ምክንያት 189 ሰው ሞቶ ነበር።

ይህን የማነሣው ለሐዘን ብቻ አይደለም። አንዳንድ አደጋ ላይ መንገደኛ ምንም ቢያደርግ አይተርፍም፤ እውነቱን መደባበቅ አያስፈልግም። እንዲህ ላለው መፍትሔው ከመነሣቱ በፊት ያለው ሥራ ነው፤ የፋብሪካው፣ የተቆጣጣሪው፣ የመርማሪው። ለዚህ ነው ምክንያትን ፈልጎ በጽሑፍ ማስቀመጥ የሞተውን ባይመልስም የሚቀጥለውን የሚያድነው።

መሬት ላይ የወደቁት ሁለት

ባሕር ላይ ብቻ እንዳንቆም ሁለት የመሬት አደጋዎችን ልጨምር።

ኅዳር 11 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1974) የጀርመን ሉፍታንዛ ቦይንግ 747 ከናይሮቢ ወደ ጆሃንስበርግ ሲነሣ ወደቀ። ከዓለም የመጀመሪያው የሰው ሕይወት ያጠፋ የ747 አደጋ ይህ ነው። በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ለመነሻ መዘርጋት የነበረባቸው ክፍሎች አልተዘረጉም፤ የሚገፋቸው አየር መስመሩ ተዘግቶ ነበር። ናይሮቢ ደግሞ ከፍታዋ ብዙ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። 157 ሰው ነበረበት፤ 59 ሞተ፣ 98 ተረፈ። እሳት ነበር፤ የተረፉት ከእሳቱ ቀድመው የወጡት ናቸው። ከዚያ በኋላ እነዚያ ክፍሎች ካልተዘረጉ አብራሪውን የሚያስጠነቅቅ ነገር ተጨመረ።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ ገጠመው። ርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ሜዳው ለመመለስ ሞከሩ፤ ሁለቱም ሞተር ስለከዳቸው ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት፤ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰው 35 ሞተ፣ 69 ተረፈ።

እንግዲህ ሂሳቡን ደርድሩት። ባሕር ዳር ከመቶ 66 ተረፈ። ናይሮቢ ከመቶ 62። ኮሞሮስ ከመቶ 29 ያህል። አቢጃን ከመቶ 6 እንኳ አልሞላም። አራቱም «አውሮፕላን ወደቀ» ተብሎ በሬዲዮ በአንድ ዓይነት ድምፅ የተነገሩ ናቸው። ውስጣቸው ግን እንዲህ ይለያያል።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

ከዱባይ ስንመለስ የምናየውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጎማው መሬት ከመንካቱ ቀበቶ ይፈታል፣ ሰው ይቆማል፣ የላይኛው መደርደሪያ ይከፈታል። እያንዳንዷ እህት ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትቀመጠው። አልፈርድም፤ ቦርሳው ውስጥ ያለው የእቁብ ብር ነው፣ የሌላ ሰው አደራ ነው፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ይህን ጥለሽ ውጪ ማለት ቀላል አይደለም።

ነገር ግን አንድ ነገር እወቁ። አዲስ አውሮፕላን ለሽያጭ ከመፈቀዱ በፊት፣ ሞልቶ የተቀመጠው ሰው በሙሉ በግማሾቹ በሮች ብቻ በ90 ሴኮንድ ውስጥ መውጣቱ መረጋገጥ አለበት። በዚያ ሂሳብ ውስጥ ቦርሳ የለም። አንዷ ቦርሳዋን ለማውረድ የምታጠፋው አሥር ሴኮንድ ከኋላዋ ከቆሙት ሰዎች ሁሉ ላይ የሚቀነስ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ቶኪዮ ሐኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ ከሌላ አነስ ያለ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ጋየ። በትልቁ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ ወጡ። በትንሹ ከነበሩት ስድስት ሰዎች ግን አምስቱ ሞተዋል። ጃፓኖቹ መንገደኞች ዕቃቸውን ትተው፣ አስተናጋጆቹ ያሉትን ሰምተው ነው የወጡት። በኋላ አውሮፕላኑ እስከ ወለሉ ነደደ፤ ቦርሳውም አብሮ ነደደ፤ ባለቤቶቹ ግን አገራቸው ገቡ። ብር የሠራ እጅ ብር መልሶ ይሠራል።

ከነዚህ ሁሉ ታሪኮች እኔ ለራሴ የያዝኩት ይህን ነው፤ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ አካፍላችኋለሁ።

ስቀመጥ ከፊትም ከኋላም ያለውን የአደጋ መውጫ አያለሁ፤ እስከዚያ ስንት ወንበር እንዳለ በእጄ እየነካሁ እቆጥራለሁ። በጭስና በጨለማ ውስጥ ዓይን አይሠራም፤ ቁጥር ግን ይሠራል።

በሚነሣበትና በሚያርፍበት ጊዜ ጫማዬን አላወልቅም፣ አልተኛም። ከጠቀስኳቸው አደጋዎች ናይሮቢ፣ ባሕር ዳርና አቢጃን የደረሱት ሲነሡ፣ ሐኔዳ የደረሰው ሲያርፍ ነው።

ቀበቶዬን አውሮፕላኑ ቆሞ መብራቱ እስኪጠፋ አልፈታም።

የመንሳፈፊያ ጃኬቴን ብለብስም ከበሩ ሳልወጣ አልነፋም። አጠገቤ ያለ ሰው ሊነፋ ሲል ካየሁ እጁን እይዛለሁ። ይህችን አንዷን እንኳ ከረሳችሁ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይሻላል።

ገንዘብና ፓስፖርት የሚሆን ትንሽ ነገር ከፈለግሁ በአንገቴ ላይ፣ በልብሴ ውስጥ አደርጋለሁ። ቦርሳው ግን የአውሮፕላኑ ነው፤ እኔ ስወጣ እሱ ይቀራል።

ካፒቴን ልዑል አባተ ከኮሞሮስ በኋላ የዓለም አቀፍ የበረራ ደኅንነት ሽልማት ተሸልመዋል። ሲገባቸው ነው፤ መሪው በሌላ ሰው እየተነካካ፣ ሁለት ሞተር ጠፍቶባቸው፣ ሰው ወዳለበት ዳርቻ አምጥተዋቸዋል። አብራሪው የሚችለውን አደረጉ። ከዚያ በኋላ ያለችው ትንሿ ድርሻ የመንገደኛው ነበረች። ስለዚህ በሚቀጥለው በረራችሁ አስተናጋጇ ቆማ ስትናገር ስልካችሁን አስቀምጡና ስሟት። ሦስት ደቂቃ ነው፤ ከአንድ ካርቶን ዋጋ ክርክር ያንሳል።

ደህና ግቡ፣ ደህና ውጡ።